የመውረጃው ፒያኖ

ሳህሉ «ቅናሽ» የሚል ጽሑፍ ካየ እግሩ መሬት ላይ ይጣበቃል። ልሳደብ ብዬ አይደለም። ሰውየው ዱባይ ውስጥ በአንድ ሆቴል የዕቃ ግዢ ክፍል ነው የሚሠራው፤ ሻጭ ማስለቀስ እንጀራው ነው። ጣጣው ከሥራ ሲወጣም አመሉ አብሮት መውጣቱ ነው። አጅማን ያለው ቤቱ በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው ጃንጥላ ነው። አንድ ጃንጥላ ሳይሆን በገመድ የታሰረ የጃንጥላ ክምር። ዝናብ እንደ ሩቅ ዘመድ አልፎ አልፎ ብቅ ብሎ በሚጠፋበት አገር ይሄን ሁሉ ምን ልታደርገው ነው ስለው፣ «ሲገኝ ነው የሚገዛው» አለኝ ኮስተር ብሎ። ከጃንጥላው ጀርባ የበረዶ ጓንት አለ። ስለ ጓንቱ አልጠየቅኩትም።

መኪናው ውስጥ የሚጫወተው የሙዚቃ ዲስክም የተገዛው በዚሁ አመል ነው። ሻርጃ ውስጥ ሁሉም ዕቃ በአንድ ዋጋ ከሚሸጥበት ሱቅ፣ ሒሳብ መክፈያው አጠገብ ካለ የሽቦ ቅርጫት፣ ከማይሠራ የእጅ ሰዓትና ከሕፃናት መዝሙር ሥር ቆፍሮ ነው ያወጣው። ሽፋኑ ላይ ቀይ ጫማ ያደረገች ሴት ፒያኖ ላይ ተጋድማለች። ከሷ በላይ በእንግሊዝኛ «የማይሞቱ የጃዝ ፒያኖ ዜማዎች ስብስብ» ይላል። ማን እንደተጫወታቸው የትም አልተጻፈም፤ በዚያ ዋጋ የተጫዋች ስም አይጨመርም መሰለኝ። ሳህሉ ስለ ጃዝ አንዳች የሚያውቀው ነገር አልነበረም። የመኪናው ሬዲዮ ከተበላሸ ቆይቷል፣ ዲስኩ ደግሞ ርካሽ ነው፣ ገዛው፣ በቃ። ማጫወቻው ውስጥ ሲከተው ግርር ብሎ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ አልወጣም። በቢላ ሞከረ፣ በወረንጦ ሞከረ። በመጨረሻ ያሳየው መካኒክ «ኸላስ፣ አበቃ፣ ይሄ የመኪናው አካል ሆኗል» ብሎ መለሰው።

እኛ የዚያ መኪና ሰዎች ነን። አጅማን እየኖረ ዱባይ የሚሠራ ሰው ግማሽ ኑሮው መንገድ ላይ ነው። የቤት ኪራይ የሚረክሰው አጅማን፣ ሥራው ያለው ዱባይ፣ በመካከላቸው ደግሞ ሻርጃ ከነመኪና ሰልፏ ተዘርግታለች። ስለዚህ ጎረቤታሞቹ ተሰባስበን በሳህሉ መኪና እንሄዳለን። ከኋላ በስተቀኝ ጋሽ ንጋቱ ይቀመጣሉ፤ ድሮ አስተማሪ የነበሩ፣ አሁን ባንክ የሚሠሩ፣ የፊቱ ማቀዝቀዣ ጉልበቴን ይበላኛል የሚሉ ትልቅ ሰው ናቸው። በስተግራ የአየር ጭነት ቢሮ ሠራተኛው ዘመድኩን አለ፤ አጅማን ላይ ቀበቶውን ሲያስር ይተኛል። በመካከላቸው ተጣብቄ የምሄደው እኔ የወይንሐረግ ነኝ፣ የኢንሹራንስ ቢሮ ሠራተኛ። ቁጡ ናት ይሉኛል። ሁለት ወንድ መሃል ተጨፍልቆ ጠዋት ጠዋት ፈገግ የሚል ሰው ካለ ያሳዩኝ። የፊቱ ወንበር ባዶ አልነበረም እንዴ የሚል ካለ፣ አልነበረም፤ የሳህሉ የቅናሽ ዕቃ መጫኛ ነበር።

መጀመሪያ ሰሞን ያ ዲስክ አሳብዶኝ ነበር። በባዶ ሆዴ፣ ሰልፍ ውስጥ፣ ፀሐይ ፊቴ ላይ ተደቅና፣ አንድ የማላውቀው ሰው ደረጃ ላይ እንደተደፋ ድንች ፒያኖ ሲያንከባልልብኝ!

«ሳህሉ፣ ይሄ ሰውዬ ወይ ዘፈኑን ይጀምር ወይ ይተወው» አልኩት።

«ጀምሯል እኮ» አለኝ። ሳህሉ ክርክር አይወድም። ትንሽ ቆይቶ፣ «መስኮት ልክፈትልሽ?» አለኝ። ነሐሴ ነበር፤ ውጪው ምጣድ ነው።

ዘመድኩን ደግሞ ሌላ መከራ ነው። አዲስ ዜማ በጀመረ ቁጥር አንድ ዓይኑን ገልጦ፣ «ይሄ የኛ ነው። አምባሰል ነው፣ ሰርቀውን ነው» ይላል። ቀጥሎ የሚመጣውን ባቲ ያደርገዋል። አንተ ቅኝት የት ተማርክ ስለው «ደም ውስጥ ነው» ብሎ ተመልሶ ይተኛል።

ከመጀመሪያው አንስቶ በደንብ ያዳመጡት ጋሽ ንጋቱ ብቻ ናቸው። አራተኛው ዜማ ሰው በተሰበሰበበት የተቀዳ መሰለኝ፣ ብርጭቆ ይንኳኳል፣ ከዚያ አንድ ሰው ያነጥሳል። ጋሽ ንጋቱ በየጠዋቱ ሳያጓድሉ «ይማርህ» ይሉታል። መጀመሪያ ሳቅኩባቸው። በኋላ እኔም አብሬ ማለት ጀመርኩ። አንድ ቀን ሳህሉ ያንን ዜማ ዘሎ ሲያልፈው ሁላችንም ጮህንበት። ሰውየው ሳያነጥስ ሥራ እንዴት ይገባል?

እንዲህ እንዲህ እያለ ለመድነው። ሽፋኑ ጠፋ፣ የዜማዎቹን ስም የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ ራሳችን ስም አወጣንላቸው። «ጠረጋ» የምንለው፣ ከፒያኖው ሥር ከበሮው በመጥረጊያ የሚጠረግ የሚመስለውን ነው። «አኩራፊዋ» የሚባለው ቶሎ ቶሎ ሲያወራ ቆይቶ ድንገት ጭጭ የሚለው ነው፤ ይሄንን ስም ያወጣው ዘመድኩን ነው፣ ማንን አስቦ እንደሆነም አውቃለሁ። ከሁሉም በላይ ግን «መውረጃ» አለ።

መውረጃ ምን እንደሆነ ላስረዳ። ሳህሉ ሰውን «ውረዱ» ማለት አይችልም። ይሉኝታው የበሽታ ያህል ነው። መጀመሪያ ሰሞን ዱባይ ውስጥ የምንወርድበት ሰፈር ዲራ ስንደርስ መኪናውን አቁሞ፣ እጁን መሪው ላይ አድርጎ፣ እስክናስተውል ዝም ብሎ ይጠብቀን ነበር። ዘመድኩን ተኝቶ፣ እኔ ስልክ ላይ፣ ጋሽ ንጋቱ በሐሳብ ርቀው፣ ሁላችንም ከሥራ ያረፈድንበት ቀን አለ። አንድ ጠዋት ግን ዲራ ልንገባ ስንል ቁልፉን ተጭኖ ዲስኩን ወደ አንድ ዜማ አዘለለው። ዜማው ሲጀምር በግራ እጅ ሦስት ቀርፋፋ ድምፅ ይመታል፣ በር የሚያንኳኳ ሽማግሌ እንደሚያደርገው። ከዚያ ቀኝ እጅ እየሮጠ ይመጣል። ሳህሉ ይሄንን በየቀኑ አደረገው፤ ለኛም «ደርሰናል፣ ተነሱ» ማለት ሆነ። የመኪና ጡሩምባ ቀርቶ የኔ ጩኸት የማይቀሰቅሰው ዘመድኩን ሦስተኛው ድምፅ ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ጋሽ ንጋቱ የኮታቸውን ቁልፍ ይቆልፋሉ። እኔ ቦርሳዬን አንስቼ በእግሬ ጫማዬን እፈልጋለሁ። መኪናው ሲቆም ሦስታችንም እንደ አንድ ሰው ብድግ ነው።

የመውረጃ መጨረሻው ምን እንደሆነ ግን አናውቅም ነበር። መሃሉ ላይ ዲስኩ ይደናቀፋል፣ ያቃስታል፣ ከዚያ ዘሎ ወደ መጀመሪያው ዜማ ይመለሳል። «የቅናሽ ዕቃ መጨረሻ የለውም» ብዬ ሳህሉን አበሽቀዋለሁ። እሱ ይስቃል። ሲስቅ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው።

ታዲያ አንድ ክረምት ሰርካለም መጣች። እነ ጋሽ ንጋቱ ባንክ ውስጥ የምትሠራ፣ ያኔ ሻርጃ የምትኖር፣ ስትስቅ ሰው ዞሮ የሚያያት ሴት። «በመንገዳችን ላይ ናት፣ እንውሰዳት» አሉ ጋሽ ንጋቱ። በማግሥቱ ጠዋት የፊቱ ወንበር ጸድቶ፣ ተጠርጎ፣ ሽቶ ተነፍቶበት ቆየን። እኔ ወገቤን አሞኝ ለምኜው «ዕቃውን የት ላድርሰው» ብሎ ያልለቀቀልኝ ወንበር! ያን ቀን ያልኩትን አልደግመውም።

ሰርካለም እንደኛ አይደለችም፤ የማታውቀውን ትጠይቃለች። ይሄ ወፍራሙ ድምፅ ምንድን ነው፣ ሰውየው ለምን አነጠሰ። የመውረጃው ነገር በጣም ነበር የሚያስቃት። ሦስታችን በአንድ ጊዜ ብድግ ስንል ወደ ኋላ ዞራ እያየች፣ «ዋላሂ፣ እናንተን ይሄ ዜማ ከመቃብርም ያስነሳችኋል!» ትላለች። አንድ ቀን ዲስኩ መሃል ላይ ሲዘል፣ «መጨረሻው እንዴት ይሆን?» ብላ ሳህሉን ጠየቀችው። «እኔም አላውቅ» አላት። «የሆነ ቀን እንሰማዋለን» አለች። ከኋላ ሆኜ የሳህሉን ጆሮ አየሁት። ቀልቷል።

ከዚያ ባንኩ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ አዛወራት፣ እሷም የዱባይ ሌላኛው ጫፍ፣ ዲስከቨሪ ጋርደንስ የሚባል ሰፈር፣ ቤድ ስፔስ፣ ማለትም በጋራ ክፍል አንድ አልጋ፣ ተከራይታ ሄደች። የፊቱ ወንበር ባዶውን ቀረ። ሳህሉ ዕቃ አይጭንበትም፣ ሰው አያስቀምጥበትም። የቅናሹ ዕቃ ሁሉ ወደ እኛ ጭን ተዛወረ። እሑድ እሑድ ደግሞ ከአጅማን እስከ ዲስከቨሪ ጋርደንስ ሙሉ ዱባይን አቋርጦ ይሄዳል፣ «በዚያ በኩል ጉዳይ ነበረኝ» እያለ። ጉዳዩ ጃንጥላ መስጠት ነበር። እሷም ተቀበለችው። ዱባይ ውስጥ በበጋ ጃንጥላ በደስታ ከተቀበለች ሴት በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

እሱ ግን መናገር አቃተው። ይናገራል ሲባል ስለ ሳሙና ዋጋ ያወራል። በመጨረሻ ሰርካለም ራሷ ጠየቀችው፤ «እሺ» አላት፣ ደንግጦ። እንዲህ ተፈቃቀዱ።

ችግሩ አጎቷ ነበሩ። አቶ ክብረት ይባላሉ፤ አባቷ ከሞተ ጀምሮ እሳቸው ናቸው ያሳደጓት። የደብረ ብርሃን ነጋዴ ናቸው፣ ዲራ እየመጡ በጅምላ ይገዛሉ። ምን ይገዛሉ ብትሉ ብርድ ልብስ። የብርድ ልብስ ከተማ ሰው ከበረሃ ብርድ ልብስ ጭኖ ይሄዳል፤ ንግድን ማን ያውቀዋል። በዚያን ሰሞን ሲመጡ ግን ለብርድ ልብሱ ብቻ አልነበረም። «ሱቅ ከፍቼልሻለሁ፣ አብረሽኝ አገር ትገቢያለሽ» አሏት።

ሰርካለም ደወለችልኝ። ድምፅዋ ከወትሮው ቀጥኗል። «እትዬ የወይኔ፣ አጎቴ ሳይመርቀኝ አላገባም። እንደ አባት ነው ያሳደገኝ። እምቢ ካለ አብሬው እሄዳለሁ። እሑድ ማታ ይበራል። ሽማግሌ ላኩ።»

ሽማግሌ ከየት ይመጣል? ሳህሉ በዚህ አገር የሚያውቀው እኛን ነው። ጋሽ ንጋቱ መቼም ሽበታቸው ብቻውን ይበቃል። ዘመድኩን ቢያንስ ሱፍ አለው። ሦስተኛ ሰው ሲጠፋ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔ ሴት ነኝ!» አልኩ።

«የወይኔ፣ አንቺ እኮ ለክርክር ከወንድ ትበልጫለሽ» አለ ዘመድኩን። ልመታው አስቤ ነበር። ነገሩ ግን ደስ አለኝ።

እሑድ ከሰዓት በሳህሉ መኪና ወደ ዲራ ስንሄድ ጋሽ ንጋቱ ወጉን አስተማሩን። «ስሙ። ሽማግሌ እንደገባ አይቀመጥም። ቆሞ ነው የሚናገረው። ተቀመጡ ቢሉንም እሺታቸውን ሳንሰማ አንቀመጥም። የወጉ ጉልበት እዚያ ላይ ነው፤ ትልቅ ሰው ቆሞ እየለመነው እምቢ የሚል የለም።» ተስማማን። ሳህሉ የለበሰው ሸሚዝ የዋጋ ወረቀቱ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ እኔ ነኝ የበጠስኩለት። ከዚያ በፊት አዝኜለት አላውቅም ነበር፣ ያን ቀን ግን አንጀቴን በላው።

አቶ ክብረት ያረፉት ዲራ ውስጥ መካከለኛ ሆቴል ነው። ክፍላቸው እስከ ጣሪያው በካርቶን ስለተሞላ ሊቀበሉን የሚችሉት ሎቢው ውስጥ ብቻ ነበር። ሳህሉ መኪናው ውስጥ ቀረ። እኛ ገባን። ሎቢው ቀዝቃዛ፣ ምንጣፉ ወፍራም፤ ጥግ ላይ ጥቁር ሱፍ የለበሰ ፊሊፒናዊ ፒያኖ ይጫወታል። አስተናጋጁ ሮጦ መጣና «ዌልካም» ብሎ እጁን ወደ ሶፋው ዘረጋ። ያ ሶፋ ሰው ይውጣል። ጋሽ ንጋቱ ጉልበታቸው ተሸነፈና ሰመጡ፣ እኔም ተከተልኳቸው፣ ዘመድኩን የማንጎ ጭማቂ አዘዘ። አቶ ክብረት ከሊፍቱ ሲወጡ ያገኙን እንዲህ ነው።

ቀጭን፣ ረጅም፣ ጋቢያቸውን በኮት ላይ የደረቡ ሰው ናቸው። አንድ በአንድ አዩን።

«ማን ናችሁ?»

«ሽማግሌዎች ነን» አለ ዘመድኩን። ስትሮው ከአፉ አልወጣም።

«በኛ አገር» አሉ አቶ ክብረት ቀስ ብለው ፊት ለፊታችን እየተቀመጡ፣ «ሽማግሌ ተዘርፍጦ ጭማቂ እየመጠጠ ልጅ አይጠይቅም።»

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ቁልቁለት ነበር። ጋሽ ንጋቱ «ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን» ብለው ያዘጋጁትን ጀመሩ፣ ግን ከሶፋ ውስጥ የሚወጣ ድምፅ ግርማ የለውም። አቶ ክብረት ሥራው ምንድን ነው ብለው ጠየቁ።

«ሆቴሉ ያለሱ አያድርም» አለ ዘመድኩን።

«ሆቴሉ የሱ ነው?»

«እ… በከፊል።»

በክርኔ ጎሸምኩት። «ቤትስ አለው?» ሲሉ እኔ ቀደም ብዬ «ቤቱ ሙሉ ነው!» አልኩ። ምን እንደሞላው እንዳይጠይቁኝ ጸለይኩ።

አቶ ክብረት ግን መጠየቁን ተዉት። «እናንተ ክፉ ሰዎች አትመስሉም» አሉ። «እኔ ግን ሰው አገር መንገድ ላይ ዕድሜውን ለሚጨርስ ሰው ልጄን አልሰጥም። አገሯ ትገባለች። ሱቋን ትከፍታለች። ጨርሰናል።» ስልካቸውን አውጥተው ሰዓት አዩ።

ጋሽ ንጋቱ አንገታቸውን ደፉ። እኔ፣ የትራፊክ ፖሊስ የምረታው፣ የቦርሳዬን ዚፕ እከፍትና እዘጋ ጀመር! ውጪ መኪናው ውስጥ ፀሐይ እየበላው የሚጠብቀው ሳህሉ ታየኝ። ምን ልንለው ነው? «ተቀመጥን፣ ጭማቂ ጠጣን፣ አጣንልህ» ልንለው ነው?

ያን ጊዜ ፒያኖው ለአፍታ ዝም አለና እንደገና ጀመረ። በግራ እጅ ሦስት ቀርፋፋ ድምፅ።

እዚህ ላይ እኔ የወሰንኩት ነገር የለም። እግሬ ነው የወሰነው። ሦስተኛው ድምፅ ሳያበቃ ሦስታችንም ከዚያ ሰው ከሚውጥ ሶፋ ብድግ አልን። ጋሽ ንጋቱ አንገታቸውን ደፍተው የኮታቸውን ቁልፍ ይቆልፋሉ። እኔ ቦርሳዬን ደረቴ ላይ ይዤ፣ አቀርቅሬ፣ በእግሬ ጫማዬን እፈልጋለሁ። ዘመድኩን ዲራ ደርሰናል ብሎ ወደ በሩ ሊዞር ሲል ቀበቶውን ያዝኩት። እርግጥ ዲራ ነበርን።

ቀና ስል አቶ ክብረት ፊታቸው ተለዋውጧል። ሦስት ሰው እፊታቸው ተሰልፎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ዝም ብሎ ቆሟል።

«ምን ማለት ነው ይሄ?» አሉ። «ተቀመጡ።»

ማንም አልተቀመጠም። እኛ መውረጃ እየተጫወተ ተቀምጠን አናውቅም።

«ተቀመጡ እንጂ! ሰው እያየን ነው!»

ነገሩ መጀመሪያ የገባቸው ጋሽ ንጋቱ ናቸው። የመጨረሻውን ቁልፍ ቆልፈው ቀና አሉ፤ ድምፃቸው የድሮ አስተማሪ ድምፅ ሆነ። «አንቀመጥም፣ አቶ ክብረት። ልጃችንን ልጅ እስኪያደርጉልን ድረስ ቆመን እንቀራለን።»

አስተናጋጁ ደንግጦ መጣ። «ማዳም፣ ሙሽኪላ?» አለኝ፣ ችግር አለ ወይ ማለቱ ነው። «ያላ፣ ሂድ!» አልኩት። ከጎናችን የተቀመጡ ሁለት ነጭ የለበሱ አረብ ሽማግሌዎች ፊንጃላቸውን አስቀምጠው፣ ዞረው አቶ ክብረትን ያዩ ጀመር። አንደኛው በአረብኛ የሆነ ነገር አላቸው። አቶ ክብረት ቃሉ ባይገባቸውም ወቀሳ እንደሆነ ያወቁ ይመስለኛል፤ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

ፒያኖው ግን ቀጥሏል። ዲስኩ የሚዘልበት ቦታ ላይ ደረሰ። ሦስታችንም ትንፋሻችንን ያዝን። አልዘለለም። አልፎ ሄደ፣ በማናውቀው በኩል ታጠፈ፣ የሮጠው ቀኝ እጅ እየቀዘቀዘ፣ እየቀዘቀዘ መጣ። ይህን ያህል ጊዜ በየጠዋቱ የሰማሁት ዜማ እንዲህ የሚያምር ጉድ ደብቆ እንደኖረ አላውቅም ነበር። አለቀስኩ። በዚያ ሰዓት ስለ ሳህሉ ይሁን፣ ስለዚያ ባዶ ወንበር ይሁን፣ እዚያ ሰልፍ ውስጥ ስላለቀው ዕድሜዬ ይሁን መለየት አልቻልኩም።

«ይቺ ሴትዮ ደግሞ ታለቅሳለች!» አሉ አቶ ክብረት ተነሥተው። «እሺ! እሺ አልኩ እኮ! ሰጥቻለሁ፣ ተቀመጡ!»

ዜማው እስኪያልቅ ጠበቅን። መጨረሻው እነዚያው ሦስት ድምፆች ናቸው፣ በጣም ቀስ ብለው። ከዚያ ተቀመጥን።

ሳህሉ ተጠርቶ ገባ። ጉልበት ሳመ፣ ከዚያ ዝም። አቶ ክብረት ቢጠብቁ፣ ቢጠብቁ፣ አይናገርም። «ዲዳ ነው እንዴ?» አሉኝ። ሳህሉ በጭንቀት ዓይኑን ሲያንከራትት፣ እሳቸው ለናሙና ይዘው የወረዱት ብርድ ልብስ ላይ አረፈ። ጫፉን በጣቱ ዳሰሰና፣ «ጋሼ፣ ይሄን ከየትኛው ሱቅ ነው የገዙት? አታለውዎታል» አለ። ያኔ አቶ ክብረት ወንበራቸውን አስጠጉለት። ሁለቱ ስለ ብርድ ልብስ ሲያወሩ እኛ ተረሳን፤ ሙሽራዋም ተረሳች። ሲጨርሱ መረቁ፣ ሁለቱንም። አጎቷ የሱቁን ነገር መልሰው አላነሱትም። «በል ልጄን ቤቷ አድርሳት» ብለው ወደ ካርቶናቸው ወጡ።

ሰርካለም ከእንግዳ መቀበያው ዓምድ ጀርባ ብቅ አለች። ዓይኗ አብጧል፣ ግን ትስቃለች። መኪናው ውስጥ ገብተን፣ እሷም የፊቱ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ስትቀመጥ፣ «የእግዜር ሥራ እኮ ነው፤ ያ ሰውዬ ልክ በዚያች ሰዓት መውረጃን መጫወቱ!» አልኩ።

«የእግዜር ብቻ አይደለም፣ እትዬ» አለች ዞራ። «ከዓምዱ ኋላ ሆኜ አይቻችሁ ነበር። እንደ ጆንያ ተዘርፍጣችሁ! አጎቴ ቆሞ በሚለምን ሽማግሌ ፊት አይጨክንም፣ አውቀዋለሁ። እናንተን ከሶፋ የሚያስነሳ ነገር ደግሞ አንድ ብቻ ነው የማውቀው። ሄጄ ለፒያኖ ተጫዋቹ በአፌ አንጎራጎርኩለት። ሳልጨርስ አወቀው። ስሙንም ነገረኝ።»

«ማን ይባላል?» አሉ ጋሽ ንጋቱ።

ሰርካለም አሰብ አደረገች። «መውረጃ ይሻላል» አለች።

ሳህሉ መኪናውን አስነሣ። ደስታ ሲበዛበት የሚያደርገው ስለጠፋው ዝም ብሎ ነዳ። እኛ ከኋላ ጨዋታው ደርቷል። ዘመድኩን ሠርጉ ላይ ምን እንደሚለብስ ይናገራል፣ እኔ ድግሱን እያከፋፈልኩ ነው። ወደ አጅማን የምንሄድ መስሎን ነበር። ገና ጥቂት እንደሄድን ከፊት ሦስት ቀርፋፋ ድምፅ መጣ። ሳንነጋገር ተነሣሣን፤ ኮት ተቆለፈ፣ ቦርሳ ተያዘ። መኪናው ቆመ። በመስኮት ሳይ ዩኒየን አውቶቡስ ጣቢያ ነው።

ከፊት ወንበር ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሰርካለም ቀበቶዋን አስራ ፊት ለፊቷን ታያለች፤ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ይዛለች። ሳህሉ ደግሞ ወደ ኋላ ዞረ። ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል። ያን ሁሉ ጠዋት አመላልሶን ከአፉ ያልወጣው ነገር፣ ትንፋሹን ስቦ፣ ወጣ።

«እናንተ ውረዱ።»

ወረድን። ሚስት ያስገኘንለት ሽማግሌዎች አስፋልት ላይ፣ የአጅማን አውቶቡስ ሰልፍ ጫፍ ላይ ቆምን። ልሳደብ አፌን ስከፍት መስኮቱ ወረደና የሳህሉ እጅ ጃንጥላ ይዞ ወጣ። ተቀበልኩት። ለፀሐይም ይሆናል።